ጥያቄና መልስ፦ አራስ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ መጀመሪያው የአራስ ልጅ ቀጠሮ ከደሴም ከኮምቦልቻም የላካችሁልኝን ጥያቄዎች አሳጥሬ እዚሁ እመልሳለሁ። የልጁን ፎቶ ልካችሁ «ይሄ ምንድን ነው?» ላላችሁኝ ግን ይቅርታ፤ ልጅ በፎቶ አይመረመርም። ይዛችሁት ሂዱ።

«ኮምቦልቻ ወልጄ በማግስቱ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ተመለሽ ብለውኛል። እናቴ ደግሞ ክርስትና ሳይነሳ፣ አርባ ቀን ሳይሞላው ከቤት አይወጣም ትላለች። ማንን ልስማ?»

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ለቀጠሮው ሂጂ።

እናትሽ ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም። አራስ ቤት መሰንበት፣ ልጁን ከሰው ብዛትና ከጠያቂ መሳም መጠበቅ ጥሩ ነገር ነው። ሐኪም ቤት ግን ገበያ መውጣት አይደለም። የአራስ ክትትል የሚደረገው በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ ከዚያ በ48 እና በ72 ሰዓት መካከል፣ ከዚያ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ፣ በመጨረሻም በ6ኛው ሳምንት ነው። ሦስተኛው ቀን ዝም ብሎ አልተመረጠም። ወተትሽ በደንብ የሚመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ልጁ ክብደት የሚቀንሰውም፣ ቢጫነቱ የሚበረታውም ያኔ ነው። አርባ ቀን ከጠበቅሽ የመጀመሪያው ሳምንት ችግር ወይ በራሱ አልፏል፣ ወይ ጉዳት አድርሷል።

አንድ ምክር ልጨምር። እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። ሐኪሙ የሚለውን በጆሯቸው ሲሰሙ ቤት ስትመለሱ ክርክር አይኖርም። እኛም ብንሆን አያት አብራ ስትመጣ ደስ ይለናል፤ ስለ ልጁ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በእሷ ነውና።

«የግድ የሕፃናት ስፔሻሊስት መሆን አለበት? የግል ክሊኒክ ውድ ነው።»

የግድ አይደለም። በጊዜው የተወለደ፣ ደህና የሚጠባ ልጅ ጤና ጣቢያ ውስጥ በነርስ ወይም በጤና መኮንን ቢታይ ይበቃዋል። በመንግሥት ጤና ተቋም ወሊድ፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትልና ክትባት በነፃ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ ደግሞ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ብትወጡ ነው የሚሻላችሁ። በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ስፔሻሊስት ይየው የምለው ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ፣ ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ፣ ሲወለድ ቶሎ ያላለቀሰ ወይም ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተኝቶ የወጣ ልጅ ከሆነ ነው። የግል ክሊኒክ ከመረጣችሁ ቀድማችሁ ደውሉና ሐኪሙ በስንት ሰዓት እንደሚገባ ጠይቁ። አራስ ታቅፎ ሁለት ሰዓት ወረፋ መጠበቅ ለማንም አይሆንም።

«ምን ይዤ ልሂድ?»

ከሁሉም በፊት ወረቀት። ከወለድሽበት ቦታ ሲያስወጡሽ የሰጡሽ ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የእርግዝና ክትትል ካርድሽ። የደም ዓይነትሽ፣ የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ውጤትሽ እዚያ ላይ አለ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ብዙ ሰው ግን የልጁን ልብስ በሁለት ቦርሳ ሞልቶ ወረቀቱን ቤት ይረሳል! ዳይፐር ወይም የሽንት ጨርቅ፣ አንድ ቅያሪ ልብስና ፎጣ ይበቃል። ጥያቄዎችሽን ስልክሽ ላይ ጻፊያቸው፤ እንቅልፍ ያጣች እናት እዚያ ስትደርስ ሁሉም ይጠፋባታል።

«ከኮምቦልቻ ደሴ ነው ሪፈር የተጻፈልን። በመካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በዚህ ብርድ እንዴት እናሻግረው? ምች ቢመታውስ?»

ብርዱን መፍራታችሁ ልክ ነው። ኮምቦልቻ በቲሸርት የወጣ ሰው ሐረጎ ጉም ውስጥ ሲገባ ጥርሱ ይንገጫገጫል። አራስ ልጅ ደግሞ ሙቀቱን ራሱ መጠበቅ ገና አልለመደም። ለእናንተ ከሚበቃው አንድ ልብስ ጨምሩለት፤ ኮፍያና ካልሲ አድርጉለት። ከምንም በላይ የሚያሞቀው ግን የእናቱ ገላ ነው። ደረቷ ላይ ገላ ለገላ አድርጋ ከላይ ጋቢ ትደርብበት። ፊቱን አትሸፍኑ፤ አፍና አፍንጫው ሁልጊዜ ይታያችሁ። የሚኒባሱ መስኮት ይዘጋ፤ የፊት ወንበር ላይ አትቀመጡ። ከመናኸሪያ ወደ ሆስፒታል ባጃጅ ከያዛችሁ ንፋሱ በጎን እንዳይገባበት እዩ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው መልሱን ነው። ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ይሞቃል፤ ልጁ ግን እንደተጠቀለለ ነው። ሰውነቱ ግሎ «ትኩሳት ያዘው» ተብሎ እንደገና የሚመጣ ልጅ አለ። እጅና እግሩን ሳይሆን ሆዱንና ደረቱን ዳስሱ። ቴርሞሜትር ካለ ከ36.5 ጀምሮ 37.5 ዲግሪ እስካልደረሰ ድረስ ደህና ነው። ከደረሰ ወይም ካለፈ ልብሱን ቀንሳችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ለኩት። ያኔም 37.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የልብስ ጉዳይ አይደለምና ተመልሳችሁ ሂዱ።

«ሐኪሙ ምን ምን ያያል? ባለፈው ሁለት ደቂቃ አይቶ ላከን።»

ልብሱን ሳያስወልቅ ከላካችሁ አላየውም። «ዶክተር፣ ልብሱን ላውልቅለት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ክብደት፣ ቁመትና የጭንቅላት ዙሪያ ይለካሉ። የጭንቅላቱን እርግብግቢት በጣት ይዳስሳል። ዓይኑን በመብራት ያያል። አፉ ውስጥ ጣት አስገብቶ ላንቃው ክፍተት እንደሌለው ይፈትሻል፤ አጠባቡንም በዚያው ያውቃል። ልቡን ያዳምጣል፣ ብሽሽቱ ላይ የደም ሥር ትርታ ይፈልጋል። እግሩን ከፈት ዘጋ የሚያደርገው የዳሌ መጋጠሚያው እንዳልወለቀ ለማየት ነው፤ ልጁ ስለሚያለቅስ እናቶች ይደነግጣሉ እንጂ አያምም። ገልብጦ ጀርባውን ያያል። ፊንጢጣው ክፍት መሆኑን፣ ወንድ ከሆነ የዘር ፍሬዎቹ መውረዳቸውን ያረጋግጣል።

ለእኔ ግን ትልቁ ምርመራ ሌላ ነው፦ እናትየዋ እዚያው ቁጭ ብላ ስታጠባ ማየት። ልጁ አፉን በደንብ ከፍቶ ጡቱን ይይዛል? ሲውጥ ይሰማል? ጫፉን ብቻ ይዞ ያንከራትታታል? አምስት ደቂቃ ማየት ብዙ ያስረዳል። ካልጠየቋችሁ እናንተው «ሳጠባ እዩኝ» በሉ።

«3.2 ኪሎ ተወለደ፣ በአራተኛው ቀን 3 ኪሎ ሆነ። ወተቴ አይበቃውም ማለት ነው? ጡጦ ልጀምር?»

አብሽሪ። አራስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ያንቺው 6 በመቶ ያህል ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የተወለደበት ኪሎ ላይ ሊመለስ ይገባል፤ ካልተመለሰ ያኔ እንነጋገራለን።

ይበቃዋል ወይ ለሚለው ሽንቱን ቁጠሪ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ከሸና እየጠገበ ነው። ቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢው፤ ሌሊቱ አይዘለልም። ጡጦ በገባ ቁጥር ጡቱን የሚጠባው ይቀንሳል፣ ጡት ባልተጠባ ቁጥር ደግሞ ወተቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ሐኪም ሳያዝ አትጀምሪ። እንገሩን «ቆሻሻ ነው» ብለው አልበሽ ድፊው ካሉሽ አትስሚ፤ ለልጁ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

«ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። የወፍ በሽታ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሙቅ አሉኝ። ይበቃል?»

አይበቃም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚጀምር ቀላል ቢጫነት ብዙ ልጆች ላይ አለ፤ በጊዜው የተወለደ ልጅ ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። የጠዋት ፀሐይ ግን ሕክምናው አይደለም፤ ደሴ ላይ ልጁን አራቁቶ ውጭ ማውጣት ደግሞ ለብርድ መስጠት ነው።

የማይጠበቅበት ቢጫነት አለ። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ ወይም መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም መጥባት ትቶ የሚያንቀላፋ ከሆነ በዚያው ቀን ሂዱ። ደሙ ተለክቶ መጠኑ ከፍ ካለ በልዩ ሰማያዊ መብራት ሥር ይተኛል። ዝም ከተባለ አንጎል ይጎዳል፤ የተጎዳውን መመለስ ደግሞ አይቻልም። የደምሽ ዓይነት ኦ ወይም አርኤች ኔጌቲቭ ከሆነ ሳትጠየቂ ተናገሪ። ቢጫነቱን ለመለየት ቤት ውስጥ ያለ ደብዛዛ አምፖል አይረዳም፤ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን ተመልከቱት።

«ለክትባት ሄጄ ‹ሐሙስ ነይ› ብለው መለሱኝ። ማመላለስ አይደለም?»

ምክንያት አለው። የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ) ክትባት አንድ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ የሚሆን ነው፤ ከተከፈተ ከ6 ሰዓት በኋላ ይጣላል። ስለዚህ ልጆችን በአንድ ቀን ይሰበስባሉ። ክትባት የሚሰጡበትን ቀን ቀድመሽ ጠይቂና የሐኪም ቀጠሮሽን ከእሱ ጋር አገጣጥሚ።

ሲወለድ ቢሲጂና የፖሊዮ ጠብታ ይሰጣል። በ6ኛው ሳምንት ፔንታ (አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው)፣ የሳንባ ምች መከላከያ፣ ሮታ (የተቅማጥ መከላከያ) እና ሁለተኛው የፖሊዮ ጠብታ ይከተላሉ። ቢሲጂ የተወጋበት ከሳምንታት በኋላ አብጦ ሊያፈርጥ ይችላል። አትንኩት፣ ቅባትም አያስፈልገውም፤ ጠባሳ ትቶ ይድናል።

«እኔ አያት ነኝ። ልጆቼን ሁሉ ቅቤ አውጬ ነው ያሳደግሁ። እናንተ ግን ሁሉንም ከለከላችሁ። እትብቱስ ምን ይቀባ? እንጥሉስ?»

እትዬ፣ ያሳደጉትን ልጅ እግዜር ይባርክ። ቅቤው ግን ይቅርብን። አራስ ልጅ ቅቤ በደንብ መዋጥ አይችልም፤ ቅቤው ወደ ሳንባው ከገባ ክፉኛ ያሳምመዋል። ውኃ፣ ስኳር፣ የጤና አዳም ጭማቂም እንዲሁ። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ነው የሚበቃው።

እትብቱ ላይ ቅቤም ሌላም ነገር አይቀባ፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚገባው በዚያ ነው። ክሎርሄክሲዲን የሚባል ቅባት ከሰጧችሁ ለእትብቱ ብቻ ነው። ቱቦው የዓይን ቅባት ስለሚመስል ዓይኑ ላይ እንዳይደረግ አደራ፤ ዓይን ያጠፋል። ካልተሰጣችሁ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። እንጥል ማስቆረጥ ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል፤ የሚከላከለው በሽታም የለም። ኩሉም ይቅር፤ እርሳስ ያለበት ኩል አለ።

እርስዎ የሚያውቁት ማቀፍ፣ ማሞቅ፣ አራሷን አጥሚትና ገንፎ መመገብ ነው። እሱን ይቀጥሉ፤ እኛም እንፈልገዋለን።

«በሰባተኛው ቀን አቂቃ አለን። ልጁን በዚያው ልናስገርዘው ነው። ችግር አለው?»

ደስታችሁን አላህ ያብዛው። አቂቃው ይቀጥል፤ ግርዛቱ ግን ከመጀመሪያው ምርመራ በኋላ ይሁን። ልጁ ቢጫ ከሆነ፣ ክብደቱ ካነሰ ወይም ሲወለድ የቫይታሚን ኬ መርፌ ካልተሰጠው ይቆይ፤ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል። ሌላም አለ። የአንዳንድ ወንድ ልጅ የሽንት ቀዳዳ ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥር ነው። እንዲህ ከሆነ ጨርሶ አይገረዝም፤ ያ ቆዳ በኋላ በቀዶ ሕክምና ለማስተካከል ይፈለጋል። የሚያየው ሐኪሙ ነው።

ሴት ልጅን በስምንተኛው ቀን ስለማስገረዝ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ምንም ጥቅም የለውም፤ ዕድሜ ልኳን የሚከተላት ጉዳት ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም ያስቀጣል።

ቶሎ ቶሎ ልመልሳቸው

ስቅታና ማስነጠስ፦ ጤናማ ነው። የቆዳ መላጥ፦ በራሱ ያልፋል። ሴት ልጅ ዳይፐሯ ላይ ትንሽ ደም፦ በመጀመሪያው ሳምንት ከእናት ሆርሞን የሚመጣ ነው። የጡት ማበጥ፣ ወንድም ሴትም ላይ፦ እሱም እንዲሁ ነው፤ አትጭመቁት፣ ያመረቅዛል። ከጠባ በኋላ ትንሽ ማቅረሻት፦ አቅፋችሁ አስገሱት። አረንጓዴ ትውከት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በፍጥነት ሐኪም ቤት።

«ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። አባት ለምን ያስፈልጋል? እናቷ ይዛት ትሄድ የለ?»

ወንድሜ፣ እሷ ተሰፍታ ሊሆን ይችላል፤ ልጅና ቦርሳ ይዛ ወረፋ እንዴት ትቆማለች? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አባት ሲወለድለት ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ አለው። አንዱን ለዚህ አውለው። እዚያ ስትደርሱ የእሷንም የደም ግፊት እንዲለኩ ጠይቅ። ብዙ ደም የሚፈሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ያለባት፣ ወይም ቀን ሙሉ የምታለቅስ ከሆነ ተናገር። እሷ «ደህና ነኝ» ነው የምትለው።

«ቀጠሮው ሳይደርስ መሄድ ያለብን መቼ ነው?»

መጥባት ካቆመ ወይም በጣም ከደከመው። ካንቀጠቀጠው። ሳያለቅስ ተረጋግቶ ሳለ ትንፋሹ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፤ ደረቱን እያዩ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። ሲተነፍስ ከደረቱ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ። ሙቀቱ 37.5 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ። ካልነካችሁት የማይንቀሳቀስ ከሆነ። እትብቱ ዙሪያ ቀልቶ መግል ካመጣ። ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚህ ዕድሜ ትኩሳት ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ሌሊት ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ መጥባት ከቻለ መንገድ ላይም አጥቡት፣ ገላ ለገላ አቅፋችሁ አሙቁት፣ ካርዱንም አትርሱ።