መስቀሉ በወርቁ ላይ ለምን ቆየ?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሙስሊሞች ሶርያን ከቢዛንታይን (ከምሥራቅ ሮማ መንግሥት) ከወሰዱ በኋላም መስቀል ያለበት የወርቅ ገንዘብ ለብዙ ዓመታት በገበያ እንደቆየ ብናገር ተማሪዎቼ አላመኑኝም። ኸሊፋዎቹ ይህን ለምን ታገሡ? የተለወጠውስ መቼ ነው?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም፤ የጦርነቱ ታሪክ በፍጥነት ስለሚነገር ሌላውም አብሮ የተለወጠ ይመስላል። ቢዛንታይንና ፋርስ ከ602 እስከ 628 (ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተዋግተው ተዳክመው ስለነበር፣ የቢዛንታይን ጦር በ636 በያርሙክ በሙስሊሞች ድል ሲሆን ሶርያ ከእጁ ወጣች። የደማስቆ የግብር መዝገብ ግን በግሪክ ቋንቋ፣ ከፋርስ የተወሰደችው የኢራቅም በፋርስኛ መጻፉን ቀጠለ፤ ጸሐፊዎቹም በአብዛኛው የቀድሞዎቹ ነበሩ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በሶርያ ቋንቋ የተጻፈ አንድ የማሮናውያን (የሶርያ ክርስቲያኖች ወገን) ዜና መዋዕል፣ በደማስቆ የነገሠው ኸሊፋ ሙዓዊያ ወርቅና ብር ቢያስመታም መስቀል ስለሌለበት ሕዝቡ አልቀበልም እንዳለው ይናገራል። ይህን የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አድርገው እንዳያዩት እመክራለሁ። የጅማ ሽማግሌዎችን ስለ ማርትሬዛ ቢጠይቋቸው ነገሩ ይገለጥልዎታል፤ በ1780 የሞተች የኦስትሪያ ንግሥት መልክ የታተመበት ብር በሂርማታ ገበያ ለቡና ሲከፈል፣ ሻጩ ጌጧን አገላብጦ የሚፈትሸው ሴትዮዋን ስለሚያውቅ ሳይሆን የለመደውን ብር ስለሚያምን ነበር።

ለውጡን ያመጣው ከ685 እስከ 705 የገዛው ኸሊፋ አብዱል መሊክ ሲሆን፣ እሱም በአንድ ጊዜ አላደረገውም። መጀመሪያ የቢዛንታይኑን ወርቅ አስመስሎ ሲያስመታ፣ በደረጃ ላይ የቆመው መስቀል አግድም ክንዱ ተነሥቶ ቁሙ ዘንግ ብቻ ቀረ፤ ከሩቅ ለሚያየው የድሮው ገንዘብ ነው። ቀጥሎ ሰይፍ የታጠቀ ኸሊፋ በገንዘቡ ላይ ታየ። በዚያው ሰሞን የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮስጢንያኖስ የክርስቶስን መልክ በወርቁ ላይ ማሳተሙ ፉክክሩ የሁለት ወገን እንደነበር ያሳያል። በመጨረሻ በ77 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም በ696 ወይም በ697፣ ሥዕል ፈጽሞ የሌለበት፣ የእምነት ቃል በዐረብኛ የተጻፈበት ዲናር ወጣ፤ ክብደቱም ከቢዛንታይኑ 4.5 ግራም ገደማ ወደ 4.25 ግራም ወረደ።

የመንግሥት መዝገብም በዚሁ ኸሊፋ ዘመን ወደ ዐረብኛ መዛወር ጀመረ። በግብጽ ትእዛዙ የደረሰው በ706 ነበር፤ ሆኖም በዚያ አገር በግሪክና በቅብጥ ቋንቋ የተጻፉ የግብር ወረቀቶች ከዚያም በኋላ ለዓመታት ይወጡ ነበር።