ፑሻፕ የማያጠፋው ደረት

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፤

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ዕድሜዬ 31፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ72፣ ክብደቴ 88 ኪሎ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ያስቀምጠኛል። ደረቴ እንደ ሴት ጡት ወጥቶ በቲሸርት ያስታውቃል፤ ለጥምቀት ነጭ ስለብስ እንኳ ጃኬት እደርባለሁ። ማታ ማታ ፑሻፕ እሠራለሁ፣ ለውጥ የለም። ከቅርብ ወራት ወዲህ ደግሞ በግራ ጡቴ ጫፍ ሥር ሲነካ የሚያም ጠጠር ያለ ነገር አለ። ጂም የሚሠራ ጓደኛዬ «የሚያቀልጥ ኪኒን አመጣልሃለሁ» ብሎኛል። ልውሰደው ወይ?

መልስ

ኪኒኑን አይውሰዱ። እንዲህ በእጅ ከሚዞሩት መካከል የወንድ ሆርሞን ያለባቸው አሉ፤ ሰውነት ትርፉን ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) ወደ ኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ስለሚቀይረው ጡቱን ጭራሽ ያሳድጉታል።

ከክብደትዎ ይልቅ ያሳሰበኝ ያ ጠጠር ያለው ነገር ነው። የወንድ ደረት በስብ ይወጣል፣ በጡት እጢም ይወጣል፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜም ብዙ ነው። ለመለየት በጀርባዎ ይተኙ። አውራ ጣትዎንና ሌባ ጣትዎን ከጡቱ ግራና ቀኝ አድርገው ቀስ እያሉ ወደ ጫፉ ያቀራርቧቸው። ስብ ብቻ ከሆነ የሚያግዳቸው ሳያገኙ ጫፉ ድረስ ይደርሳሉ። እጢ ከሆነ ግን ልክ ጫፉ ሥር እንደ ኮት ቁልፍ ክብ የሆነ፣ ላስቲክነት ያለው ነገር ያስቆማቸዋል፤ አዲስ ሲሆን ብዙ ጊዜ ያማል።

እጢ በስፖርትም በጾምም አይሄድም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም በሚቀርብዎ ጤና ተቋም ይታዩ፤ የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ስፓይሮኖላክቶን (የልብና የደም ግፊት)፣ ሲሜቲዲን (የጨጓራ)፣ ኬቶኮናዞል (የፈንገስ) እና ኤፋቪሬንዝ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ጡት ሊያወጡ ይችላሉ፤ ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ። ሐኪሙ የዘር ፍሬዎን ልፈትሽ ቢል አይፈሩ፤ እዚያ የበቀለ ዕባጭ (ቱመር) አንዳንዴ የሚታወቀው በጡት ማደግ ነው። ለምርመራ ደም ሲሰጡ የጉበት፣ የታይሮይድና የሆርሞን ምርመራ ይጠየቃል። ከዓመት በላይ የቆየ እጢ ጠንክሮ መድኃኒት እምብዛም ስለማይመልሰው መፍትሔው ቀዶ ጥገና ይሆናል። ከጫፉ ወደ ጎን ያለ ድንጋይ መሳይ እብጠት፣ የሰረጎደ ቆዳ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም ወይም የብብት እብጠት ካዩ ግን በዚያው ሳምንት ይሂዱ።

ወደ ስቡ ስንመጣ፣ ከደረት ብቻ ተመርጦ አይወጣም። ፑሻፕ ጡንቻውን ያጠነክራል፤ በላዩ ያለው ስብ ካልቀነሰ እንዲያውም ደረቱን ወደፊት ይገፋዋል። ለእርስዎ የመጀመሪያው ግብ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል እየቀነሱ 80 ኪሎ መግባት ነው። ጾም ብቻውን አያከሳም፤ ዘይት የሚንሳፈፍበት ሽሮ የጾም ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ፣ አንድ ጠርሙስ ቢራ ወደ 140 አለው፤ ሁለት ቢራና ሁለት ማንኪያ ዘይት በየቀኑ ቢቀንሱ የሚፈለገው 500 ሞላ ማለት ነው። ጡንቻ አብሮ እንዳይሄድ በየማዕዱ ምስር ወይም ባቄላ፣ በፍስክ ደግሞ እንቁላል ይኑር። ፑሻፑን በሳምንት ሦስት ቀን ያድርጉት፤ በሌሎቹ ቀናት ከፒያሳ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚያስወጣውን ዳገት ለ40 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብለው ይሂዱ። ደረት ማጥበቂያ ቀበቶ ደግሞ ላብ እንጂ ስብ አያወጣም።

መስታወት ትተው በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት፣ ሳይበሉ፣ ወገብዎን እምብርት ላይ፣ ደረትዎን ጫፎቹ ላይ በሜትር ይለኩ። ብዙውን ጊዜ ወገቡ ይቀድማል፤ ደረቱ ዘግይቶ ነው የሚከተለው።