ካለፈችበት ሴት ጋር ብነጋገር ምን ይጠቅመኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 41 ነው፤ ደሴ አስተማሪ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከጡቴ ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆኑ ተነገረኝ። አዲስ አበባ መጥቼ ቀዶ ሕክምናና ኬሞ ልጀምር ነው። ነርሷ «ይህን ሕክምና ከጨረሰች ሴት ጋር ላገናኝሽ?» አለችኝ። ከእህቴ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ወሬው አገሬ እንዳይደርስ እፈራለሁ። ደግሞስ የሌላ ሰው ሕመም መስማት ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ነርሷን እሺ ይበሏት። እኔ ብዙ ጊዜ ፀጉር መርገፍ የሚጀምረው ኬሞው ከተጀመረ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ እንደሆነ ልነግርዎ እችላለሁ። ጠዋት ትራስ ላይ የቀረውን ፀጉር ልጆቿ ሳያዩ እንዴት እንዳነሳች፣ ቀድማ ማሳጠሯ እንዴት እንዳቀለለላት የምትነግርዎ ግን ያለፈችበት ናት። ቀይ ቀለም ያለውን የኬሞ መድኃኒት የወሰደች አንዲት ታካሚዬ ሽንቷ ቀልቶ ስታይ ደም መስሏት ሌሊቱን ስታለቅስ አድራለች። የመድኃኒቱ ቀለም መሆኑን አስቀድመን አልነገርናትም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ዛሬ እሷ ለአዲስ ታካሚዎች ከሁሉ አስቀድማ የምትነግረው ይህንኑ ነው።

የታመመ መጠየቅ ወጋችን ነው። ካንሰር ሲባል ግን ጠያቂው ራሱ ያለቅስና ታማሚዋ አጽናኝ ሆና ታርፋለች። ቴሬዝ ላሰር የተባለች የኒው ዮርክ ሴት እ.ኤ.አ. በ1952 ጡቷ በቀዶ ሕክምና ከተወገደ በኋላ፣ ክንዷን እንዴት እንደምታንቀሳቅስ፣ ምን እንደምትለብስ የሚነግራት አጣች። ከዚያ እንደ እሷ የሆኑ ሴቶችን በየሆስፒታሉ ትጠይቅ ጀመር። ብዙ ሐኪሞች አልወደዱላትም፤ በ1969 ግን የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ሥራዋን ተቀብሎ የራሱ አደረገው።

ዕድሜ ያራዝማል ብዬ ግን አልሸነግልዎትም። እ.ኤ.አ. በ1989 ካንሰሩ የተሰራጨባቸው ሴቶች በባለሙያ እየተመሩ በቡድን ሲወያዩ ረዘም ላለ ጊዜ እንደኖሩ የሚገልጽ ጥናት ወጥቶ ነበር። በ2001 የታተመው፣ 235 ሴቶች የተሳተፉበት የካናዳ ጥናት ግን ይህን አላገኘም። ያገኘው የጭንቀታቸውንና የሕመም ስሜታቸውን መቅለል ነው። ሌሊት እንቅልፍ ላጣ ሰው ይህ አያንሰውም።

ስለ ምስጢሩ መፍራትዎ ልክ ነው። ከደሴ ያልሆነች፣ ሕክምናዋን ከጨረሰች ዓመት ያለፋት፣ ቢቻል በዕድሜ የምትቀርብዎ ሴት ትፈለግልኝ ይበሉ። ስልክዎ ያለ ፈቃድዎ እንዳይሰጥ ለነርሷ በግልጽ ይንገሯት። መጀመሪያ በስልክ ብቻ፣ የአባት ስም ሳይጠቀስ ማውራት ይችላሉ። ካልጣመዎት መተው መብትዎ ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ መድኃኒትዎን ከእሷ ጋር አያወዳድሩ። የጡት ካንሰር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቱ ይለያያል። ዕጢው ሆርሞን የሚቀበል ከሆነ ታሞክሲፌንን የመሰለ ክኒን ለአምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይወሰዳል፤ ካልሆነ ክኒኑ አይታዘዝም። እሷ ያልወሰደችው ለእርስዎ ስለታዘዘ በሽታዎ የባሰ ነው ማለት አይደለም። «ኬሞውን ተዪው፣ እኔ በሌላ ነገር ድኛለሁ» ካለችዎ ግን ንግግሩን አቁመው ለነርሷ ይንገሩ። ጸበሉም ሆነ ዱዓው ሕክምናውን ሳያስተጓጉል ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል። በኬሞ ወቅት ትኩሳትዎ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ማንንም ሳያማክሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ሰውነት ኢንፌክሽን መከላከል ያቅተዋልና እስኪነጋ መጠበቅ ሕይወት ያሳጣል።

አዲስ አበባ ማረፊያ ከሌለዎት፣ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ አለው። ቦታ መኖሩን ከመምጣትዎ በፊት እህትዎ ትጠይቅልዎ። እዚያ የሚያርፉት እንደ እርስዎ ለሕክምና የመጡ ስለሆኑ፣ ነርሷ ካሰበችልዎ ሴት በፊት እዚያው ቡና እየጠጡ የምታዋይዎ ሊያገኙ ይችላሉ።