ለፎገራ ዋልካ ሰፊ ጎማ አትግዛ

ወንድሜ፣ «ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ሞተር ሳይክል ገዛሁ፤ ለሥራ ከባሕር ዳር ወደ ፎገራ ቀበሌዎች ስለምመላለስ ምን ላስቀይር? ማርሚታዋስ?» ብለህ ጠይቀሃል። ማርሚታዋን ተዋት። ጩኸት ከጭቃ አያወጣም። ከወረታ ወደ ጣና ሐይቅ የሚወርደውን መንገድ በእንዲህ ዓይነቷ ሞተር ክረምት ከበጋ ስለምመላለስበት፣ ገንዘብህ የት መዋል እንዳለበት እኔ ልንገርህ።

1. ጎማ። ሻጩ «የኋላው ሰፋ ሲል መሬት ይይዛል» ይልሃል። እኔንም እንዲሁ ብሎ ከፋብሪካው ልክ የሚሰፋ፣ ጥርሱ የተጠጋጋ ጎማ ሸጠልኝ። አስፋልት ላይ ምንም አይልም። የፎገራ ዋልካ ግን ሲርስ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ጎማው ከኋላ ሹካው ጋር የነበረው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ጭቃው ተጠቅጥቆ ሞላውና ጉማራ ወንዝ ሳልደርስ መዞሩን አቆመ። ሞተሯ ትጮኻለች፣ ፍሪሲዮኑ ይሸታል፣ ጎማው ንቅንቅ የለም። ሩዝ ሲያርሙ የነበሩ ገበሬዎች ሥራቸውን ትተው በእንጨት ባይፈለፍሉልኝ ኖሮ እዚያው አመሽ ነበር። ጎማውን ይዤ ወደ ሻጩ ብመለስ «ጭቃ የነካ ዕቃ አንቀበልም» አለኝ። ለጭቃ ብሎ የሸጠልኝን! ፍሪሲዮኑንም በራሴ ገንዘብ አስቀየርሁ። አንተ የፋብሪካውን ቁጥር ግዛ፤ ከፊት 21 ኢንች፣ ከኋላ 18፣ ጥርሱ የተራራቀ። የተራራቀ ጥርስ ሲዞር ጭቃውን ይጥለዋል።

2. ንፋስ። ከአስፋልት ስትወርድ ከ15 እስከ 18 ፒ ኤስ አይ ይበቃል። ከዚያ በታች ከሆነ ጎማው በቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ የከመነዳሪውን ቫልቭ ይነቅለዋል። ጎሚስታው «ለስላሳ ነው» ብሎ እንደ ኳስ ሊነፋልህ ስለሚሞክር አጠገቡ ቁም። ትርፍ ከመነዳሪና የእጅ መንፊያ ከሌለህ ከወረታ አትለፍ።

3. ፒኞን፣ ማለትም ካቴናው የሚዞርበት ጥርሳም ብረት። የፊቱን በአንድ ጥርስ አሳንስ። ከኋላ ሦስት ጥርስ ገደማ የመጨመር ያህል ነው፣ ዋጋውም ቀላል ነው። በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ሳትይዝ ቀስ ብለህ ትወጣለህ። አስፋልት ላይ ፍጥነቷ ይቀንሳል፤ ምን ቸገረህ? በሐምሌ ጭቃ የቆመ ላንድክሩዘር አልፌ የሄድሁት በዚህችው ፒኞን ነው፤ ሾፌሩ እስካሁን ሲያገኘኝ ያነሳብኛል።

ካርቡራተሩን ያለ ምክንያት አታስነካ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ቤንዚኑ ይበዛል። ካንዴላውን ፈትተህ እየው፤ ጥላሸት ከለበሰ የቤንዚን ማሳለፊያዋ ቀዳዳ በአንድ ቁጥር ትነስ፤ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። በበጋ ደግሞ አቧራው ስለሚብስ የስፖንጅ ፊልትሮውን አጥበህ፣ አድርቀህ፣ በዘይት አርሰህ መልስ። ከሞተሯ ሥር መከላከያ ላሜራ ስታሠራ የዘይት ማፍሰሻው ብሎን የሚፈታበት ቀዳዳ ይኑረው፤ አለበለዚያ ዘይት በቀየርህ ቁጥር ሙሉውን ትፈታለህ።

ፍሬቻና ስፖኪዮ ግን እንዳትነቅል! ቅርንጫፍ እየሰበረ ስላስቸገረኝ ፍሬቻዎቹን በትናንሽ አስቀይሬ ለቦሎ ምርመራ ሄድሁ። መርማሪው ከወንበሩ ሳይነሳ «ከፋብሪካ እንደወጣች አድርገህ አምጣት» ብሎ ወረቀቴን ወረወረልኝ። ፍሬኔን አልሞከረም፣ ጎማዬን አላየም። እዚያ ግቢ ከቆሙት ሞተሮች መካከል ፍሬኗ እንደ እኔዋ የሚይዝ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። የድሮዎቹን ፍሬቻዎች ጥዬ ስለነበር ባሕር ዳር ሙሉ ዞሬ፣ በእጥፍ ዋጋ ገዝቼ አስገጠምሁ። አንተ የእጅ መከላከያ ብቻ አስገጥም፤ እሱን ማንም አይጠይቅህም።