እናትሽን በኢኮኖሚ ይዘሽ ለምትመጪው እህት

"እናቴ 70 አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን በአውሮፕላን፣ በኢኮኖሚ ክፍል ይዣት ልመጣ ነው፣ እንዳይደክማት ምን ላድርግ?" ብለሽ ለጠየቅሽው እህት። እስካሁን የተሰጡሽን መልሶች አነበብኳቸው። የአንገት ትራስ ግዢ፣ የጆሮ መድፈኛ ግዢ፣ ፊልም ጫኚ። እሺ፣ ግዢ። ግን እናትሽን የሚያደክማቸው የትራስ እጦት አይደለም። እኔ እማዬን በዚሁ መስመር አምጥቻታለሁ፣ መልሼም ወስጃታለሁ። ጉልበቷም እንደ እናትሽ ነው። ስለዚህ የምጽፍልሽ ሰው ነግሮኝ አይደለም።

ዋናውን ልንገርሽ፣ ሌላውን ብትረሺው ግድ የለም። ነገሩ የሚያልቀው ቦሌ ከመድረሳችሁ በፊት ነው። ወንበር፣ ዊልቸር፣ ምግብ። ሦስቱ ሲስተም ውስጥ ካልገቡ፣ አውሮፕላን ላይ ወጥተሽ ብታለቅሺም ሆስተሷ ከየት ታምጣልሽ?

1. ወንበር። "ወደ ውጭ እያዩ ይሄዳሉ" ብለሽ መስኮት እንዳትይዢላቸው። በረራው የሌሊት ነው፣ የሚታይ ነገር የለም። የእናቶቻችንን ጠባይ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ሁለት የማያውቁት ሰው ቀስቅሰው ሽንት ቤት ከሚሄዱ መቅረት ይመርጣሉ። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ውሃ አይጠጡም። ሆስተሷ ስታመጣላቸው "ይብቃኝ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ፣ አንቺ ደግሞ አልጠማቸውም ብለሽ ዝም ትያለሽ። የአውሮፕላን ውስጥ አየር በጣም ደረቅ ነው፣ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሳይጠጡ፣ ሳይነሱ፣ ጉልበት አጥፎ ያን ሁሉ ሰዓት መቀመጥ እግር ያሳብጣል፣ ብሎም ደም ሊያረጋ ይችላል። ስለዚህ መተላለፊያው ጋ ያለውን ወንበር ለሳቸው፣ መሀለኛውን ላንቺ። አዎ፣ መሀለኛውን። በአንድ ረድፍ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የተደረደረው፣ ትጨናነቂያለሽ፣ ቻይው።

አንዱ ወንድማችን "የድንገተኛ መውጫው ጋ ያለው እግር ያዘረጋል" ብሎሻል። ያዘረጋል፣ ግን በዊልቸር ለሚሄድ ሰው አይሰጥም። ግድግዳው ፊት ያለውም ሕፃን ለያዙ ነው የሚቀድመው፣ የእጅ መደገፊያውም ወደ ላይ አይነሳም፣ ጋደም ማለት ብትፈልጊ ይከለክልሻል።

2. ዊልቸር። ነጻ ነው። ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት አስመዝግቢ። ደረጃ መውጣት ይችላሉ ወይ ብለው ሲጠይቁሽ በይሉኝታ "ቀስ ብለው ይወጣሉ" እንዳትዪ። ቦሌ ላይ አንዳንዴ በአውቶቡስ ወስደው በደረጃ ነው የሚያስወጡት። አይችሉም ካልሽ የሚያነሳ መኪና ያመጡላቸዋል። እማዬ "አንካሳ ነኝ እንዴ ሰው ፊት የሚገፉኝ?" ብላ ነበር። የደለስን (የዋሽንግተኑን ኤርፖርት) የኢሚግሬሽን ሰልፍ አልፋ ስትሄድ ግን ዘወር ብላ የተሰለፈውን ሕዝብ አየችና ነጠላዋን አስተካከለች። የሚገፋት ልጅም ሐበሻ ሆኖ ተገኘ፣ በር እስክንደርስ ድረስ የማን ልጅ እንደሆነ ስታጣራ ነበር።

3. ምግብ። ጉዞው ጾም ላይ ከዋለ "ቬጀቴሪያን" ብለሽ እንዳታዢ፣ ወተትና እንቁላል ሊኖረው ይችላል። "ቪገን" በይ፣ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት። እኔ ከቲኬት ቢሮው ጋር የተያያዝኩት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፣ ቁጥሩን ልተወውና እሱን ላውራሽ።

ቲኬቱን የቆረጥነው አዲስ አበባ ያለ አንድ ቢሮ ነው፣ ስሙን አልጠራም። የወንበር መምረጫ ብለው ተጨማሪ ብር ተቀብለውኛል። ዊልቸሩንም፣ የጾም ምግቡንም ነግሬያቸዋለሁ። "ሁሉም ተመዝግቧል፣ አይጨነቁ" አሉኝ። እኔ ደግሞ አይጨነቁ ሲሉኝ ነው የምጨነቀው። ማታ ቤት ገብቼ ቲኬቱ ላይ ያለችውን ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥር ኮድ አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ አስገባሁ። እኔ ብቻ ወጣሁ። እማዬ የለችም። ለካ በተለያየ ኮድ ነው የቆረጡን! በሷ ኮድ ስገባ እሷ ከኋላ ሽንት ቤቱ አጠገብ መሀል ወንበር ላይ ናት። እኔ ወደ ፊት መስኮት ጋ። ዊልቸር የለም። ምግብ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ልጅቷ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ "ቦሌ ሲደርሱ ያስተካክሉልዎታል" አለችኝ።

"ብሩን የተቀበለው ቦሌ ነው እንዴ?" አልኳት።

"አሁን ሲስተም የለም።"

ይቺን ሲስተም ታውቂያታለሽ መቼም። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። "እስኪመጣ እጠብቃለሁ፣ ዛሬ ሥራ የለኝም" አልኳት። ከኋላዬ ደንበኞች ገብተው ወሬአችንን ማዳመጥ ሲጀምሩ ሲስተሙ መጣ። ኃላፊው ከውስጥ ወጥቶ ራሱ አስተካከለው፣ ጥቂት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጎን ለጎን ወንበር፣ ዊልቸር፣ የጾም ምግብ፣ ሁለቱም ቡኪንግ ላይ "አብረው የሚጓዙ ናቸው" የሚል ማስታወሻ። ስክሪኑን ወደኔ አዙሮ እስኪያሳየኝ አልተነሳሁም። ይቅርታ ያለኝ የለም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

አንቺም ጋ እንደዚሁ ነው የሚሆነው፣ አትጠራጠሪ። ሁለታችሁን በአንድ ኮድ እንዲቆርጡ ከመጀመሪያው ንገሪያቸው። ተመዝግቧል ሲሉሽ ስክሪኑን አሳዩኝ በይ። ቤት ገብተሽ ራስሽ እዪው፣ የሚጠይቅሽ የመጨረሻ ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ነው። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ደግሞ ድገሚው፣ አውሮፕላኑ በሌላ ዓይነት ከተቀየረ ወንበሩ ሊቀያየር ይችላል።

ቀጥሎ የእጅ ሻንጣ። የእናትሽ እግር መዘርጊያ ከፊታቸው ባለው ወንበር ሥር ያለችው ቦታ ናት፣ ሌላ የላቸውም። የጎረቤት አደራ እዚያ ከገባ አለቀ። እማዬ የጎረቤታችንን ዳቦ ቆሎ "ይሰበራል" ብላ ጉያዋ ውስጥ ይዛው ልትሄድ ነበር። በርበሬውም፣ ሽሮውም፣ ዳቦ ቆሎውም ወደሚጫነው ሻንጣ ይግባ፣ ለሰው ሁለት ባለ 23 ኪሎ አላችሁ። በእጅ መድኃኒታቸውና ጋቢ ብቻ። ጋቢ ስልሽ ቀልድ አይደለም። የአውሮፕላኑ ብርድ ልብስ ስስ ነው፣ ጋቢው ሲበርድ ይለበሳል፣ ሲሞቅ ተጠቅልሎ ወገብ ይደግፋል። ጫማቸው ሰፋ ያለ ይሁን፣ እግር ካበጠ በኋላ ጠባብ ጫማ አይገባም።

"አስፕሪን ስጫቸው"፣ "የእንቅልፍ ኪኒን ስጫቸው" የምትሉ ደግሞ እባካችሁ ተዉ። ሐኪም አይደላችሁም። በኪኒን የተኛ ሰው እግሩን አያንቀሳቅስም፣ ይሄ ራሱ ለደም መርጋት ያጋልጣል። ሐኪማቸውን ጠይቂ፣ ለደም ዝውውር የሚሆነውን እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠበቅ ያለ ካልሲም ያስፈልጋቸው እንደሆነ ይንገሩሽ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት ካለ ሰዓቱንም አብረሽ ጠይቂ። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

"ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራቸው ይሆን?" ያልሽው ግን አያስጨንቅሽ። ልብ ወይም ሳንባ ካላመማቸው ማለቴ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው ነው የሚያስተነፍሰው፣ አዲሶቹ አውሮፕላኖች፣ ቦይንግ ድሪምላይነርና ኤርባስ ኤ350 ደግሞ 1,800 ሜትር አካባቢ። ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። እናትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለምደውታል፣ የሚቸገረው ፈረንጁ ነው።

ይሄው ከፍታ ግን ጉዞውን ያስረዝመዋል። ቦሌ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ጭኖ ለመነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፣ በብዛት ደብሊን ነበር የሚያርፈው። ከደለስ ሲመለስ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ነው፣ ስትመጡ ግን ከ16 ሰዓት ያልፋል። ሲያርፍ እናትሽ "ደረስን" ብለው ነጠላቸውን መሰብሰባቸው አይቀርም፣ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ከአውሮፕላኑ አትወርዱም። ነዳጅ ሲቀዳ ቀበቶ ፍቱ ትባላላችሁ፣ ሆስተሶቹ ሲፈቅዱ ያኔውኑ አስነሻቸው። አውሮፕላኑ አይናወጥም፣ የምግብ ጋሪ መንገድ አይዘጋም። ሽንት ቤት ይሂዱ፣ መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ይበሉ፣ ተመልሰው ሲቀመጡ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ስጫቸውና ጨርሰው እስኪጠጡ አጠገባቸው ቁሚ። "ይብቃኝ" ቢሉሽ አትስሚ።

ቲኬቱ ሲወጣ ደግሞ ኮዱ የሚታይበትን ፎቶ "ይሄው ቆረጥኩ፣ ትክክል ነው?" ብለሽ እዚህ ግሩፕ እንዳትለጥፊ። በዚያች ኮድና በመጨረሻ ስምሽ ማንም ገብቶ ወንበርሽን ሊቀይረው ይችላል። ያልገባሽ ነገር ካለ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ እመልስልሻለሁ።