ልጄን እቤት ሳለማምዳት እያሳመምኳት ይሆን?

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ያለ ጊዜዋ የተወለደች ሲሆን፣ ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላት ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ እክል) እንዳለባት ተነገረን። ሁለቱም እግሮቿ ግትር ናቸው፤ ስናነሣት እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ቀኝ እጇን ጨብጣ ትውላለች፤ አውራ ጣቷም መዳፏ ውስጥ ይገባል። እግሮቿን ወደ ኋላ አጥፋ ካልሆነ በስተቀር ሳትደገፍ መቀመጥ አትችልም። የምንላትን ሁሉ ትረዳለች፤ ጥቂት ቃላትም ትናገራለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የምናገኘው በወር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ በቀረው ጊዜ በታዘዝኩት መሠረት ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል እግሮቿንና እጇን እየሳብኩ አፍታታለሁ። አሁን አሁን ግን ገና ምንጣፉን ሳነጥፍ ማልቀስ ትጀምራለች። ብተወው ልጄን በገዛ እጄ ያሰናከልኳት ይመስለኛል፤ ብቀጥልበት ደግሞ ከእኔ እየሸሸች ነው። ምን ያህል ላሠራት? እያሳመምኳትስ ይሆን?

መልስ፦ ምንጣፍ ሲነጠፍ የምታለቅስ ልጅ በምትችለው ቋንቋ እየነገረችዎ ነው፤ እርስዎም ልቅሶዋን ሰምተው መጠየቅዎ ተገቢ ነው። ይበልጥ ካስጨነቀዎ ነገር ልጀምር። አሁን የሚያሠሯትን የጠዋቱን የአንድ ሰዓት ልምምድ ቢተዉት ልጅዎን አያሰናክሏትም። ሴሬብራል ፓልሲ ከወሊድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በመጀመሪያዎቹ የሕፃንነት ዓመታት በማደግ ላይ ያለ አንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ ሲሆን፣ የአንጎሉ ጉዳት ራሱ እየሰፋ አይሄድም። የሚለወጠው አካል ነው፤ አጥንት እየረዘመ ሲሄድ ግትር የሆነው ጡንቻ እኩል ስለማይከተለው መገጣጠሚያዎች ከዓመት ዓመት እየጠበቡ ይመጣሉ። ባለሙያዎች ወላጆችን «ሳቡ፣ አፍታቱ» ሲሉ የኖሩት ይህን ለመከላከል ነበር። ነገር ግን በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች ጡንቻን በእጅ መሳብ ብቻውን ዘላቂ ለውጥ እንደሚያመጣ ጥናቶች አላረጋገጡም። ለመገጣጠሚያዎቿ የሚበጀው በቀን ውስጥ ለረጅም ሰዓት በትክክለኛ አቀማመጥ መዋሏ፣ ባለሙያ ካዘዘላትም መገጣጠሚያን አቅንቶ የሚይዝ የእግር ወይም የእጅ ድጋፍ ማድረጓ ነው። እጅና እግሯን መጠቀም የምትማረው ደግሞ እርስዎ ሲያንቀሳቅሷት ሳይሆን፣ እሷ ራሷ አንድ ነገር ፈልጋ፣ ሞክራ፣ ስቶባት ደግማ ስትሞክር ነው።

ስለ መጠኑ ለጠየቁት በ2009 ኢዮና ኖቫክ የተባሉ አውስትራሊያዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት የሚያጽናና መልስ አለው። በዚያ ጥናት የልምምዱን ግብ የመረጡት ቤተሰቦቹ ራሳቸው ሲሆኑ፣ ባለሙያዎቹ ያንን ግብ የሚያደርሱ ተግባራትን አስተማሯቸው። ወላጆቹ ያለማመዱት በአማካይ በወር 17 ጊዜ ያህል፣ በአንድ ጊዜም ከ16 እስከ 17 ደቂቃ ነበር፤ በ8 ሳምንት ውስጥም ልጆቻቸው ያለ ቤት ልምምድ ከቆዩት ይልቅ የሚታይ መሻሻል አሳዩ። እንግዲህ በየቀኑ እንኳ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ግብ ብቻ ይምረጡ፤ ለምሳሌ ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ መጠጣት። ለሌሎች ልጆች የተጻፈ ረጅም የልምምድ ዝርዝር ለእርስዎ ልጅ ብዙም አይጠቅማት።

የቀረው ልምምድ ከምንጣፉ ላይ ተነሥቶ ወደ ዕለት ኑሯችሁ ይግባ። ልብስ ማልበስን እንውሰድ። እጅጌ ያለው ልብስ ስታለብሷት አስቀድሞ የሚገባው ግትሩ ቀኝ እጇ ነው፤ ስታወልቁላት ደግሞ መጨረሻ የሚወጣው እርሱ ነው። የተጨበጠውን እጅ በግድ ለመፈልቀቅ አይታገሉ። የእጇን አንጓ ወደ ውስጥ በቀስታ ሲያጥፉት ጣቶቿ በራሳቸው ይላላሉ፤ ያን ጊዜ አውራ ጣቷን ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ ይዘው ወደ ውጭ ያውጡት። እጇ ከእጅጌው ውስጥ ሲደርስ ያቁሙና «እስቲ እጅሽን አውጪ» ብለው ይጠብቁ። ከባዱ ሥራ ይህ መጠበቅ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ከመስማት እስከ ማንቀሳቀስ ከሌላው ልጅ ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልጋታል፤ እኛ ደግሞ ከፍቅርም ከችኮላም የተነሣ ክንዷ ሊነሣ ሲል እንቀድማታለን። በልብዎ እስከ 10 ይቁጠሩ። ክንዷ አንድ ጣት ያህል እንኳ ወደፊት ከሄደ የዚያ ጠዋት ሕክምና ተሠርቷል ማለት ነው።

ስታነሧትም እግሮቿ እንደተዘረጉ ከብብቷ ብቻ ይዛችሁ አታንሷት፤ መጠላለፉ የሚብሰው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ዳሌዋንና ጉልበቶቿን አጠፍ አድርጉላትና ግትርነቱ ሲለዝብ፣ እግሮቿ ግራና ቀኝ ተከፍተው ወገባችሁን እንዲያቅፉ አድርጋችሁ ያዟት። እግሮቿን መክፈት ሲያስፈልግም ከጉልበት በላይ ጭኗን ይያዙ እንጂ ቁርጭምጭሚቷን ይዘው አይጎትቱ፤ ጉልበቷን ይጎዱታልና። በጎኗ ስትተኛ በጉልበቶቿ መካከል የተጠቀለለ ፎጣ ያድርጉ። ስትመገብ መቀመጫዋ ወደ ኋላ ተጠግቶ፣ የእግሯ መዳፍ ጠፍጣፋ ነገር ረግጦ፣ ራሷ ጥቂት ወደፊት አዘንብሎ መሆን አለበት። አንገቷ ወደ ኋላ ተንጋሎ ከተመገበች ምግቡ ወደ አየር ቧንቧዋ ሊገባ ይችላል፤ ዘወትር ትን የሚላት ከሆነም ለሐኪም ይንገሩ።

ስለ ሕመሙ ሳልናገር ግን ማለፍ አልችልም። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ከ4 ሰዎች 3ቱ ገደማ ሕመም አለባቸው፤ መናገር የማይችሉት ልጆች ግን «አልቃሻ» እየተባሉ ይታለፋሉ። ፊቷን ይመልከቱ። ጡንቻ ሲሳብ መጠነኛ መወጠር ይሰማታል፤ ፊቷ ከተጨማደደ፣ ትንፋሿን ከያዘች ወይም ሰውነቷ ይበልጥ ከገተረ ግን ከልክ አልፈዋል ማለት ነውና ወዲያውኑ ያላሉላት። በተለይ እግሯን ሲከፍቱ ወይም ንጽሕናዋን ሲጠብቁላት የምትጮህ ከሆነ፣ አንዱ እግሯም ከሌላው ያጠረ ከመሰለዎ ማፍታታቱን አቁመው የዳሌዋ መገጣጠሚያ በራጅ እንዲታይ ይጠይቁ። ከእነዚህ ልጆች ከ3ቱ አንዱ ገደማ ዳሌው ከቦታው ይንሸራተታል፤ ያለ ምንም ሕመም ሊጀምርም ስለሚችል፣ ባታለቅስ እንኳ ዳሌዋ በየጊዜው መመርመር አለበት። እንዲሁም ትችል የነበረውን ነገር መተው ከጀመረች «በሽታው ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ የአንጎሉ ጉዳት የማይሰፋ ከሆነ ሌላ ምክንያት አለና ሐኪም ይፈልገው።

ለጥቂት ቀናትም ያንን ምንጣፍ ለጨዋታ ብቻ ያንጥፉት። ትልቅ ኳስ በሁለት እጇ እንድትገፋ ከፊቷ ይቀመጡ፤ ምንም አያፍታቱ። ለቀጣዩ ቀጠሮም ያስለቀሳትን እንቅስቃሴ በስልክ ቀርጸው ይውሰዱ፤ ባለሙያው በቃል ከሚነግሩት ይበልጥ ያይበታል።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ወንድ ልጃችንም ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። በቅርቡ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ጀምሯል። ጎማ ያለው፣ ልጅ መሀሉ ገብቶበት የሚንቀሳቀስ መራመጃ ብገዛለት ቶሎ ይራመድልኛል?

መልስ፦ አይግዙ። በእንዲህ ያለው መራመጃ ልጁ ሰውነቱን ራሱ አይሸከምም፤ በእግሩ ጣቶች እየገፋ ስለሚሄድ የእግሩ ግትርነት ሊብስ ይችላል፣ ሚዛን መጠበቅንም አይማርም፤ የመገልበጥ አደጋውም ቀላል አይደለም። ልጅዎ 2 ዓመት ሳያልፈው መቀመጡ ግን ወደፊት የመራመድ ዕድሉን የሚያሰፋ መልካም ምልክት ነው። አሁን የሚያስፈልገው ራሱ ይዞ የሚነሣበትና የሚገፋው ነገር ነው። ከደረቱ ዝቅ የሚል ጠንካራ ሳጥን ይፈልጉና እንዳይሸሽበት ውስጡ ክብደት ይጨምሩበት፤ የሚወደውን አሻንጉሊት ከላዩ ያስቀምጡ። እርስዎ ከኋላው ተንበርክከው ዳሌውን በሁለት እጅዎ ደገፍ ያድርጉት እንጂ እጁን ይዘው ወደ ላይ አይጎትቱት፤ ተረከዙ መሬት መንካቱንም እያዩ፣ ሳጥኑን ራሱ እስኪገፋ ይጠብቁት።