ሳክሽን ሲሉኝ ሴክሽን የሰማሁ ለት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያየሁት ከትናንት ወዲያ ነው። ተረኛ ስለነበርኩ መልሱ ዘገየ። ድሬ ውስጥ ሆስፒታል በራነርነት (ዕቃ አመላላሽ ተላላኪ ሆነሽ) ከተቀጠርሽ ሁለት ሳምንትሽ ነው። ነርሶቹ «ይሄን ከዚያ አምጪ» ሲሉሽ ግማሹ አይገባሽም። ከቴሌግራም ሦስት መቶ የሕክምና ቃል ያለበት ፒዲኤፍ አውርደሽ ማታ ማታ ትሸመድጃለሽ። ጠዋት ግን አንዱም አይመጣልሽም። «የእንግሊዝኛ ኮርስ ልመዝገብ ወይ?» ነው ያልሽው።

ለዚህ ብለሽ አትመዝገቢ። ገንዘብ ከተረፈሽ ሌላ ነገር ነው፣ እንግሊዝኛ ማንንም አይጎዳም። ኮርሱ ግን ስለ ኤርፖርትና ስለ ሬስቶራንት ሲያወራሽ ይከርማል። አንቺ የቸገረሽ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ቃል ተወርውሮልሽ የቱ ክፍል እንደምትሮጪ ነው።

እኔም እዚሁ ድሬ ራነር ሆኜ ነው የጀመርኩት። በማታ ተምሬ ነርስ የሆንኩት በኋላ ነው። የሆስፒታሉን ስም ተዪው። በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ግን የሠራሁትን ልንገርሽ።

ማዋለጃ ክፍል ነበርኩ፣ ሌሊት። ሕፃኑ ወጣ፣ አላለቀሰም። ሲስተሯ ቀና ሳትል «ሳክሽን! ሩጪ!» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «ሴክሽን» ነው። ሴክሽን ደግሞ አውቃለሁ፤ በኦፕራሲዮን ማዋለድ ነው። በረርኩ። ኦአር (ኦፕራሲዮን ክፍል) በር ላይ ደርሼ «ሴክሽን አለ፣ ተዘጋጁ!» ብዬ ጮህኩ። ማደንዘዣ ሰጪው ከእንቅልፉ ዘሎ ተነሳ፣ ቆቡን አጠለቀ። አንዷ ነርስ መብራቱን አበራች። እኔ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ተመለስኩ። ሲስተሯ ባዶ እጄን አየችና ምንም ሳትል በእጅ በሚጨመቀው ትንሽ ጎማ የሕፃኑን አፍ መጠጠችለት። አለቀሰ። ቀጥሎ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሳክሽን የሚሉት፣ ፈሳሽ የሚመጠው ማሽን፣ ከሚቀጥለው ክፍል ጥግ ላይ፣ ከእኔ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ነበር።

ሁለቱንም ቃላት ከዚያ በፊት በወረቀት ላይ አይቻቸው ነበር። ትርጉማቸውንም ጽፌአለሁ። ግን ማሽኑን ነክቼው አላውቅም፣ ማንም በችኮላ ሲጠራው በጆሮዬ አልሰማሁም።

አሁን አንድ ነገር አስተውይ። ነርሶቹ ሲያወሩ ስሚያቸው። «ቫይታል ሳይን ውሰጂ።» «አይቪ ላይን ክፈቺ።» «ሪፈር ተብሏል።» «አድሚት ተደርጋለች።» «ስትሬቸሩን ሎክ አድርጊው።» የትኛው ነው እንግሊዝኛ? ከፊት ያለው ብቻ። ሥራውን የሚናገረው፣ ማን ምን እንደሚያደርግ የሚለየው የኛው ግስ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ሰዋስው አያሳስብሽ። ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ከሚከተለው አማርኛ ጋር አጣብቀሽ ያዢው።

ይሄ ቀልድ እንዳይመስልሽ። «ዲስቻርጅ» የሚለውን ውሰጂ። «በሽተኛው ዲስቻርጅ ሆነ» ከተባለ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው፤ አልጋውን ታነሺያለሽ። «ቁስሉ ዲስቻርጅ አለው» ከተባለ ፈሳሽ ወይ መግል እየወጣው ነው፤ የሚፈለገው ጎዝ፣ የቁስል ጨርቁ፣ ነው። ፒዲኤፍሽ አንዱን ትርጉም ብቻ ነው የጻፈልሽ። የለየልሽ «ሆነ» እና «አለው» ነው።

እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ትንሽ ደብተር ገዛሁ፣ ከጋውኔ ኪስ የምትገባ። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ ሰጠሁት። ከበሩ ጀመርኩ፦ ካርድ ክፍል፣ ትሪያጅ፣ ኢመርጀንሲ፣ ኦፒዲ (ተመላላሽ ሕክምና)፣ ላብራቶሪ፣ ራጅ፣ ዋርዶቹ (የተኙ በሽተኞች ክፍሎች)፣ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል)፣ መጨረሻ ላይ ኦአር። በቀን አንድ ክፍል ብቻ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታና ኦፒዲ ጭር ሲል ገብቼ በእጄ እየነካሁ «ይሄ ምንድነው? ስትፈልጉት ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?» እላለሁ። ሁለተኛዋን ጥያቄ እንዳትረሺ። የደም ግፊት መለኪያው በመጽሐፍ ስሙ ስፊግሞማኖሜትር ነው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ብሎ የጠራው ሰው አልገጠመኝም። «ቢፒ አፓራተስ» ነው የሚሉት፣ ሲቸኩሉ «ቢፒ» ብቻ። ኩላሊት የምትመስለዋን ሳህን «ኪድኒ ዲሽ» ሲሏት ደግሞ ለኩላሊት በሽተኛ ብቻ የተመደበች መስሎኝ ሁለት ቀን አልነካኋትም።

ትሪያጅን ከጠቀስኩ አይቀር። ፈረንሳይኛ ነው፤ መለየት፣ መምረጥ ማለት ነው። ድሬ የባቡር ከተማ ናት፣ ባቡር ጣቢያውን የምንጠራበት «ለገሃር»ም የመጣው ከዚያው ቋንቋ ነው። እናቴ እዚሁ መጋዘን ውስጥ ቡና ለቃሚ ነበረች። ጥሩውን ለብቻ፣ የተሰበረውን ለብቻ። ትሪያጅ ላይ የተቀመጠችው ነርስም የምትሠራው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ እሷ የምትለየው ማን ፋታ እንደሌለው ነው። ቀይ የተባለ ወረፋ አይጠብቅም። አረንጓዴ የተባለ ይጠብቃል። ይህን ካሰብኩ ወዲህ ቃሉ ጠፍቶኝ አያውቅም። አንቺም የራስሽን ማያያዣ ፈልጊ፣ የሰው አይሠራልሽም።

ከዕቃ ሁሉ አስቀድመሽ ኦክስጅንን ያዢ። «ኦክስጅን አምጪ» ሲሉሽ አንድ ዕቃ አይደለም የሚጠሩት። ትልቁ ብረት ሲሊንደሩ ነው። አናቱ ላይ ያለው ሰዓት የሚመስለው ጌጅ ይባላል፤ ምን ያህል እንደቀረ ያሳያል። ሲሊንደሩ ተከፍቶም ቀስቱ ዜሮ ላይ ከተኛ ባዶ ነው፣ አትግፊው፣ ሌላ ውሰጂ። ቀጥ ያለው ብርጭቆ፣ ውስጡ ትንሽ ኳስ የምትንሳፈፍበት፣ ፍሎው ሜትር ነው። ከሥሩ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ሂዩሚዲፋየር ነው፤ ኦክስጅኑ ሲያልፍ ቡል ቡል ይላል። አፍንጫ ላይ የሚገባው ቀጭን ቱቦ ናዛል፣ አፍና አፍንጫ የሚሸፍነው ፌስ ማስክ። ስንት ላይ እንደሚከፈት የሚወስኑት ሐኪሙና ነርሷ ናቸው፣ አንቺ አትንኪው። ግን ፍሎው ሜትሩ ወይም ቱቦው ከጎደለ ሲሊንደሩን ይዘሽ መድረስሽ ምንም አይፈይድም። የሲሊንደሩ መክፈቻ ቁልፍ ደግሞ ሁሌም የሆነ ሰው ኪስ ውስጥ ነው የሚገኘው፣ እሱን እንኳ በየትኛውም ቋንቋ መፍትሔ አላገኘንለትም።

ስለ ሰዎቹ ብዙ አልልም፣ በሳምንት ታውቂያቸዋለሽ። ሴት ነርስ ሲስተር፣ የነርሶች ኃላፊ ሜትሮን፣ አዋላጇ ሚድዋይፍ። ኢንተርን ትምህርቱን ሊጨርስ የቀረበ፣ ሬዚደንት ደግሞ ዶክተር ሆኖ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ነው። ራዲዮግራፈር ራጁን ያነሳል፣ ራዲዮሎጂስት ያነበዋል፤ የተነሳ ፊልም ይዘሽ «ይነበብልኝ» ብለሽ ወደ መጀመሪያው እንዳትሄጂ። በሽተኛው ግን ሁሉንም ዶክተር ነው የሚለው። ጋውን ስለለበስሽ አንቺንም ይሉሻል። ቶሎ አርሚያቸው፣ ካለዚያ ስለ መድኃኒት መጠየቅ ይጀምራሉ።

ምህጻረ ቃል ላይ አንዱን ብቻ ላስጠንቅቅሽ፦ ኤንፒኦ። አልጋው ላይ ተጽፎ ካየሽ በአፍ ምንም አይገባም ማለት ነው። ምግብም፣ ውሃም። አንድ ጊዜ አስታማሚ እናት አዝና ለልጇ የማንጎ ጁስ ሰጠችው፣ አጠገቧ የነበረችው ራነርም ብርጭቆ አቀበለቻት። ኦፕራሲዮኑ ለማግስቱ ተላለፈ። ሆድ ውስጥ ምግብ እያለ ማደንዘዣ ከተሰጠ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ነው። ስታት ከተባለ ደግሞ አሁኑኑ ነው፣ ሻይሽን ተዪው።

አንድ ሰው ኮሜንት ላይ «ኦአር ሳይሆን ቲያትር ነው ትክክሉ» ብሎሻል። ሁለቱም ልክ ነው። ቲያትር የእንግሊዞች ነው፣ ኦአር የአሜሪካኖች። እኛ ጋ የሚሠራው ኦአር ነው። ወደ ውጭ የመሄድ ሐሳብ ሲመጣ ያን ጊዜ ቲያትሩን ትይዣለሽ።

ደብተሬ መጀመሪያ ሁለት ረድፍ ነበረው፦ ዕቃው እና ትእዛዙ። በኋላ ሁለት ጨመርኩ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ። የድሬ ልጅ ከሆንሽ ይሄን ልነግርሽ አይገባኝም፣ መጋላ ስትገበያዪ የኖርሽበት ነው። ከገጠር የመጣች እናት ለደም ምርመራ ስትላክ ላብራቶሪ ቢሏት ምን ይገባታል? በኦሮምኛ «ዲጋ»፣ በሶማሊኛ «ዲግ» ስትያት ክንዷን ራሷ ትዘረጋለች። ሁለቱ ቋንቋ ደም ላይ ይህን ያህል መቀራረቡን ያወቅኩት እዚያ ሥራ ላይ ነው። ነርሶቹም ከሌላ አካባቢ የመጡ ስለነበሩ እኔን መፈለግ ጀመሩ። እንግሊዝኛ የማታውቀዋ ራነር አስተርጓሚ ሆነች፣ እነሱ እኔን መጠየቅ ካላፈሩ እኔም እነሱን መጠየቅ አላፈርኩም።

ሳይገባሽ ግን አትሩጪ። «ሳክሽን ነው ያልሽው፣ የሚመጠው ማሽን?» ብሎ መድገም ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። እኔ ያልጠየቅኳት ያቺን ሁለት ሰከንድ ነው። የሚቆጣሽ ይኖራል፣ ይቆጣ።

ፒዲኤፉን አታጥፊው፣ ዋርዶቹን ስትጨርሺ ይጠቅምሻል። ነገ ኢመርጀንሲ ከሆንሽ ደብተርሽን ከእሱ ክፍል ገጽ ጀምሪ። የሲሊንደሩ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚቀመጥ ግን ዛሬ ማታውኑ ጠይቂ።